የይታያልን ሻንጣ ይዤ ወደ ቡሬ

ከጎጃም ከተመለስኩ ወዲህ በመምህራን ክበብ ሻይ ስንጠጣ «እንዴት ነው ጎጃም?» የማይለኝ የለም። «ብርድ ነው» እላለሁ፣ ሻዬን እጠጣለሁ። ነገር ደብቃ ነው እንዳትሉኝ፤ ነገሩ በአንድ ብርጭቆ ሻይ ስለማያልቅ ነው። መተሐራ ተቀምጣችሁ ቡሬን የምታዩበት ምክንያት መቼም ላይገጥማችሁ ይችላል። እኔም ይታያል ባይሞት ኖሮ አልሄድም ነበር። ስለዚህ ቁጭ ብዬ ጻፍኩት፤ በወሬ ብጀምረው መሃል ላይ ድምፄ ይሰበራል።

ይታያልን ለማታውቁት፣ የጂኦግራፊ መምህር ነበር። የእኔን የአማርኛ ክፍል ከእሱ ክፍል የሚለየው አንድ የቺፑድ ግድግዳ ብቻ ነው። እኔ ሰዋስው ሳስተምር እሱ ከማዶ ስለ መሬት ይናገራል፤ ተማሪዎቼ ጆሯቸውን ወደዚያ ይጥላሉ፣ እኔም እየተቆጣሁ አብሬ እሰማለሁ። ስለ መሬት የማውቀውን ሁሉ ያወቅሁት በዚያ ቺፑድ በኩል ነው። መሬቱ ደጋግሞ ሲያናውጠን፣ ቤታችንን ትተን ላስቲክ ድንኳን ውስጥ በሰነበትን ጊዜ፣ «ይኼ ነገር ምንድን ነው?» ያለውን ሁሉ ሳይሰለች የሚያስረዳው እሱ ነበር። በኋላ አባርቷል ተባለና ሰው ወደየቤቱ ተመለሰ። ይታያል የአንድ ጎረቤቱን ቤት ቆርቆሮ ለማውረድ ሲያግዝ፣ ተሰንጥቆ የቆየው ግድግዳ ወደቀበት። መሬቷ በዚያ ቀን ንቅንቅ አላለችም። እስከ ዛሬ የሚያንገበግበኝ ይኼ ነው።

መንገድ ዝግ ስለነበር አስከሬኑን ወደ አገሩ መላክ አልሆነልንም፤ እዚሁ ቀበርነው። ፍኖተ ሰላም ላለው አጎቱ ደወልን፤ «ለወላጆቹ እኛ እንነግራለን» አለን። መንገድ ሲከፈት ዕቃውን ማን ያድርስ ተባለ፤ ባል የላት፣ ልጅ የላት ተብሎ እኔ ተመረጥኩ።

ሰኞ

ሻንጣው ቀሎኝ ነበር። ሁለት ሱሪ፣ ሸሚዞች፣ አንድ ሬዲዮ፣ እሑድ እሑድ የሚያደርጋት ጫማ። ሰው ሲሞት ንብረቱ እንዴት ያንሳል። ረዳቱ ጣሪያ ላይ ልጫነው ቢለኝ ተቆጥቼ ጭኔ ላይ ያዝኩት። በሰቃ ሐይቅን ስናልፍ ጎህ እየቀደደ ነበር፤ ውኃው ላይ ደርቀው የቀሩት ግራሮች ያን ቀን አላስጠሉኝም።

አዲስ አበባ ያክስቴ ልጅ ዘንድ አደርኩ። ጥቁር ልብሴን እንዳየች ማን እንደሞተ ሳትጠይቅ አለቀሰች። ይታያልን አታውቀውም። እኛ ዘንድ እንዲህ ነው፤ ለቅሶ ሲመጣ ይለቀሳል፣ ሲያልቅ ይበላል፣ ነገር አይታሽም። ይህን የምለው በኋላ ለሚመጣው ብዬ ነው።

ማክሰኞ

የዓባይ በረሃን ያላየ ሰው ቁልቁለት አውቃለሁ አይበል። ከጎሃ ጽዮን ጀምሮ አውቶቡሱ እየተጠማዘዘ ሲወርድ፣ አጠገቤ የተቀመጡ አንዲት እናት ዓይናቸውን ጨፍነው ውዳሴ ይደግሙ ነበር። እኔ ደግሞ ወደ ታች በወረድን ቁጥር ደስ እያለኝ መጣ። ሙቀት ነዋ። ድልድዩ ጋ ስንደርስ የጋለ ድንጋይና የግራር ሽታ ገባ፤ የመተሐራ ሽታ። ይታያል ይህን መንገድ ለዕረፍት ሲሄድ እዚህ ምን ብሎ እንደሚያስብ አሰብኩ። በቺፑዱ በኩል ሲናገር እንደሰማሁት፣ ይህን ገደል ውኃ ነው የቆረጠው፤ የእኛን ሸለቆ ግን መሬቷ ራሷ ተለያይታ ነው የከፈተችው። «አንዱ በቢላ የተቆረጠ ዳቦ ነው፣ አንዱ በራሱ የተሰነጠቀ» ይል ነበር።

ደጀን ላይ ብርዱ ተቀበለን። ከዚያ አለፍ ብሎ ፍተሻ ነበርና ሁላችንም ወረድን። ፈታሹ ሻንጣውን ከፍቶ የወንድ ጫማ አወጣና አየኝ። «የማን ነው?» አለ። «የሟች» አልኩት። ጫማውን በሁለት እጁ መልሶ አስገባና ዚፑን ራሱ ዘጋው። ክፉ አልነበረም።

ጎማ የፈነዳው ደብረ ማርቆስ ልንገባ ጥቂት ሲቀረን ነው። መቀየሪያው ራሱ የተነፈሰ ሆኖ ተገኘ። እዚያ የተቀመጥንበትን ጊዜ በመተሐራ ስድብ ብቻ ነው መግለጽ የሚቻለው፤ ጎጃሞቹ ግን አንዱም አልተሳደበም። ውዳሴ ይደግሙ የነበሩት እናት ከመቀነታቸው ቆሎ ፈትተው እፍኜን ሞሉልኝ። ጥቁሬን አይተዋል፤ ስለ ሟቹ ግን አንድ ቃል አልጠየቁኝም። «ብዪ ልጄ፣ ሐዘን ባዶ ሆድ ይወዳል» ብቻ አሉኝ። ማርቆስ የያዝኩት አልጋ እንደ በረዶ ነበር። የቤቱ ባለቤት ስንቀጠቀጥ አይታ የራሷን ጋቢ አምጥታ ደረበችልኝ፤ ጠዋት ሂሳብ ልጨምር ብላት ተቀየመች።

ረቡዕ

ከማርቆስ እስከ ፍኖተ ሰላም አገሩ ለዓይን ያምራል። ደንበጫን አልፈን ጅጋ ስንደርስ፣ የተቆለለ የጤፍ ክምርና በየደጁ የተሰጣ ቀይ በርበሬ ብቻ ነው የሚታየው። አፈሩም ራሱ ቀይ ነው። የእኛ አመድማ መሬትና እሾህ ትዝ አለኝና፣ ሰው ይህን ትቶ እኛ ዘንድ ምን ሊሠራ ይመጣል አልኩ። መልሱን አውቀዋለሁ። ምደባ ነው።

የይታያል አጎት አቶ አለኸኝ መናኸሪያ ቆሞ ጠበቀኝ። የመንግሥት ሠራተኛ ነው፤ ቀጭን፣ ትሑት፣ ሲናገር መሬት መሬት የሚያይ። ሻንጣውን ተቀብሎኝ ፊት ፊቴ ሄደ። ቤቱ ስንገባ ሚስቱ ውባለም እግሬን ካላጠብኩ ብላ ታገለችኝ፤ ከዚያ ሽሮ ቀረበ። ጾም ነው። ከፊቴ እንጀራ እስኪያልቅ ድረስ ስለ መንገዱ፣ ስለ ሸንኮራው፣ ስለ ሙቀቱ ይጠይቁኛል። ስለ ይታያል ማንም ትንፍሽ አይልም። እጄን ከታጠብኩ በኋላ አቶ አለኸኝ ጉሮሮውን ጠረገ።

«መምህርት፣ መቼም አይቀየሙን። ያ ጥቁር ልብስዎ...»

«ምን ሆነ?»

«ገና አልተረዱም።»

ማለትም ወላጆቹ መርዶ አልተነገራቸውም። ልጃቸው ከተቀበረ ስንት ጊዜው! መርዶ በማለዳ፣ በሽማግሌ እንደሚነገር እኔም አውቃለሁ፤ እንዲህ መክረሙን ግን አልጠበቅሁም። ድምፄ ከፍ አለ መሰለኝ፣ ውባለም ተነሥታ በሩን ዘጋችው።

«ጤፋቸው ማሳ ላይ ነበር» አለ አቶ አለኸኝ። «ሐዘን የገባበት ሰው ጤፍ አያነሣም። ያኔ ተረድተው ቢሆን እህሉ ረግፎ ይቀር ነበር። ጎረቤት ተነጋግሮ ነገ ደቦ ጠርቷል፤ ይወቃል፣ ጎተራ ይገባል። ዓርብ በማለዳ እንነግራቸዋለን።»

«ስልክስ? አይደውሉም?»

«ኔትወርክ የለም እንላቸዋለን። አብዛኛውን ጊዜ እውነት ነው።»

«እንግዲያው እኔ እስከ ዓርብ እዚሁ ልቀመጥ።»

«ከመተሐራ መምህርት ልትመጣ ነው የሚለውን ሰምተዋል። ወሬ ከሰው ይቀድማል። እዚህ ቢሰነብቱ ይጠረጥራሉ። ነገ አብረን እንሂድ፤ እንግዳ ነዎት፣ ይብሉ፣ ይጫወቱ። ሌላውን ለእኛ ይተዉት።»

ተናደድኩ። «ሰውን እንዲህ ማታለል በእኛ አገር የለም» አልኩት። ውባለም ዕንባዋን በነጠላዋ እየጠረገች፣ «እኛስ በየቀኑ እየሞትን አይደለም?» አለች። አፈርኩ። ጥቁሬን አስወለቀችኝና የራሷን አበባ ያለበት አረንጓዴ ቀሚስ አለበሰችኝ። እኔ እንደምታውቁኝ የሸንኮራ አገዳ ነኝ፤ ውባለም ሙሉ ሴት ናት። ወገቡን በመርፌ ቁልፍ ያዘችልኝ። ሻንጣው እዚያው ቀረ፤ የራሴን ፌስታል ብቻ ያዝኩ።

ሐሙስ

ቡሬ በጠዋት ገባን። ከዚያ ወደ ሽንዲ በሚወስደው ኮረኮንች በባጃጅ ሄድን፤ ከዚያ ደግሞ በእግር። አቶ አለኸኝ መንገዱን ሙሉ አንድ ነገር ብቻ ደጋገመልኝ፤ «ሲጠይቁዎት ደኅና ነው አይበሉ፣ ውሸት ይሆንብዎታል። ‹ተማሪዎቹ ይወዱታል› ይበሉ።» ጎጃሜ እንደዚህ ነው፤ ሳይዋሽ ይደብቃል።

አውድማው ላይ የሰፈሩ ወንድ ሁሉ ነበር። በሬዎቹ ይዞራሉ፣ መንሹ ይነሣል፣ ገለባው በነፋስ ይሄዳል። የይታያል አባት አያ ጥላዬ ከመሃል ቆመው በላይዳ ጤፉን ወደ ላይ ይበትናሉ። ረጅም፣ ዝምተኛ ሽማግሌ ናቸው። ሥራቸውን አቁመው መጡና ሁለት እጃቸውን ዘረጉልኝ። «እንኳን ደኅና መጣሽ ልጄ። የይታያልን ሽታ ይዘሽ መጣሽ» አሉኝ። ምን ልበል? «ተማሪዎቹ ይወዱታል» አልኩ።

እናቱ እማማ ጥሩወርቅ አቅፈው ስንት ጊዜ እንደሳሙኝ አላውቅም። ከዚያ ትከሻዬን ይዘው ራቅ አደረጉኝና ቀሚሱን አዩ።

«ይህ የውባለም ቀሚስ አይዶለም?»

«ልብሴ በመንገድ ቆሽሾብኝ አዋሰችኝ» አልኩ። እማማ ጥሩወርቅ የመርፌ ቁልፉን በጣታቸው ነካ አደረጉት። «ደግ አደረገች» አሉና ወደ ጓዳ ገቡ።

ቀኑን ሙሉ ስበላ ዋልኩ። የዳጉሳ እንጀራ፣ የሽምብራ ወጥ፣ ጠላ፣ ደግሞ እንጀራ። «አፈር ስሆን» ስባል አንዴ እምቢ ብዬ አላውቅም። በመሃል እማማ ጥሩወርቅ ለልጃቸው የሚልኩለትን ያሳዩኛል። በሶ ፈጭተዋል፣ በርበሬ ደልዘዋል፣ ራሳቸው ፈትለው ያሠሩት አዲስ ጋቢ አለ፤ ጥለቱ ሰማያዊ። «የእናንተ አገር ሙቅ ነው ይላል፣ ድንኳን ውስጥ ግን ሌሊቱ አይበርድም?» ይሉኛል። «ይበርዳል» እላለሁ። እውነት ነው፣ ይበርዳል። እያንዳንዱን ነገር እያጣጠፉ ከፌስታሌ አጠገብ ያስቀምጣሉ። እኔም እቀበላለሁ። በሕይወቴ እንደዚያ ቀን የከበደኝ ስጦታ የለም።

ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ጤፉ ገባ። ደቦተኛው እግሩን ታጥቦ ጠላውን ቀመሰና በጊዜ ተበታተነ። አቶ አለኸኝም ጎረቤት ዘንድ አድራለሁ ብሎ ሄደ። ሦስታችን ቀረን። አያ ጥላዬ መደቡ ላይ ተቀምጠው ከጋቢያቸው ላይ የጤፍ ፍሬ ይለቅማሉ። እማማ ጥሩወርቅ ጓዳ ነበሩ።

«ልጄ፣ አንድ ነገር ልጠይቅሽ» አሉኝ አያ ጥላዬ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «የእናንተን መሬት የሚያንቀሳቅሰው ምንድን ነው?»

«እኔ የአማርኛ መምህርት ነኝ» ልል ነበር። ዓይናቸውን ሳይ ተውኩት። ቺፑዱ ማዶ የሰማሁትን ማስታወስ ጀመርኩ።

«መሬት አንድ ትመስላለች እንጂ ላይዋ የተሰባበረ ነው» አልኳቸው። «ከስባሪዎቹ ሥር ያለው ድንጋይ ትኩስ ነው። ጠጣር ነው፣ ግን በረጅም ዘመን እንደ ደረቅ ሊጥ ይላወሳል። የጋለው ይወጣል፣ የበረደው ይወርዳል።»

«እንግዲያ የሚገፋው ትኩሳቱ ነው።»

«እኔም እንዲያ ይመስለኝ ነበር። ይታያል ግን ከመገፋቱ መጎተቱ ይበልጣል ይላል።» የማሳይበት ነገር ፈለግሁና አዲሱን ጋቢ አነሣሁ። መደቡ ላይ ዘረጋሁት፤ አንዱን ጫፍ ወደ ወለሉ አንጠለጠልኩ። «ባሕር ሥር ያለው ቅርፊት ሲያረጅ ይቀዘቅዛል፣ ይከብዳል። ጫፉ ወደ ታች ይሰምጣል። የሰመጠው ጫፍ የቀረውን ይጎትተዋል። ማንም አልነካውም፤ የገዛ ክብደቱ ነው።» ጫፉን ትንሽ ጨመር አደረግሁ። ጋቢው መንሸራተት ጀመረ፤ መጀመሪያ በዝግታ፣ ከዚያ ሁሉም ባንድ ጊዜ ወለሉ ላይ ወደቀ። አያ ጥላዬ አላነሡትም። ዝም ብለው አዩት።

«እናንተ ጋም እንዲህ ነው?»

«እኛ ጋ የሚሰምጥ ጫፍ የለም። ከሥር ትኩሱ ያሳብጠዋል፤ ሊጥ ኩፍ ሲል ፊቱ እንደሚሰነጠቀው። ወዲያና ወዲህ ይለጠጣል። ምሁራኑም ገና ይከራከሩበታል።»

«በዓመት ስንት ይሄዳል?»

ከእጃቸው ጥቂት የጤፍ ፍሬ ወስጄ መዳፌ ላይ ደረደርኩ። «ይህችን ያህል።»

«ይህች ናት ቤት የምታፈርስ?»

«ተይዛ ትከርምና ባንድ ጊዜ ስትለቅ።»

«እንደ ሰው» አሉ። ከዚያ ወደ ጓዳው አየት አደረጉና ድምፃቸውን ይበልጥ ዝቅ አደረጉ። «ቄሱ በሰው ኃጢአት ነው የምትንቀጠቀጥ ይላሉ። የጀመረ ሰሞን ይታያል ደውሎልኝ ነበር። ‹አባ፣ ልምጣ ወይ?› አለኝ። ‹ሰው እንጀራውን ጥሎ አይሸሽም፣ ሥራህ ላይ ሁን› አልኩት። ይኸን ለእናቱ አልነገርኋትም።»

በቀጥታ ተናጋሪነቴ የምመካ ሴትዮ ዙሪያ ጥምጥም ሄድኩ። «መሬቱን የሰው ቃል አያንቀሳቅሰውም አያ» አልኳቸው። «እኛ ሳንፈጠርም ይሄድ ነበር።»

እማማ ጥሩወርቅ ራታችንን ይዘው ሲወጡ ጋቢውን መሬት ላይ አዩት። ሞሰቡን አስቀመጡና ጋቢውን አንሥተው አራገፉት። «የልጄን ልብስ መሬት ትጥላላችሁ?» አሉን። እንደገና አጣጥፈው ፌስታሌ ላይ አስቀመጡት።

ዓርብ

ወገግ ሲል ነቃሁ። ከአጥሩ ውጪ የእግር ኮቴ ይሰማል፤ ብዙ ሰው ነው፣ ማንም አይናገርም። እማማ ጥሩወርቅ እሳት ሊያቀጣጥሉ ጎንበስ ብለዋል። አያ ጥላዬ ለብሰው፣ መቋሚያቸውን ይዘው መደቡ ላይ ተቀምጠው ነበር። እንዳልተኙ ፊታቸው ይናገራል።

ተነሡ። ፌስታሌ ላይ ያለውን አዲሱን ጋቢ አነሡና ዘረጉት። ከዚያ ዘቀዘቁት፤ ሰማያዊው ጥለት ወደ አንገታቸው ሆነ፣ ሐዘንተኛ እንደሚለብሰው። እማማ ጥሩወርቅ ቀና አሉ። «ምነዋ፣ የልጄን...» ብለው ጀመሩ። አልጨረሱትም። የያዙት ጭራሮ ከእጃቸው ወደቀ።

አያ ጥላዬ በሩን ከፈቱ። ሽማግሌዎቹ፣ ቄሱ፣ አቶ አለኸኝ፣ ትናንት ጤፍ ሲወቁ የዋሉት ሁሉ ቆመዋል። ጋቢውን ሲያዩ ራሳቸውን ደፉ። ስንት ቀን የተመከረበት ንግግር ከአንዱም አፍ አልወጣም።

«ግቡ» አሉ አያ ጥላዬ። «ጤፌን አስገባችሁልኝ፣ እግዜር ይስጣችሁ። የእኔ የደቦ ተራ ከገና በኋላ ነበር። ትናንት ለምን እንደቀደማችሁ ገባኝ። አንድ የሚተርብ፣ አንድ የሚዘፍን የሌለበት ደቦ አይቼ አላውቅም። ለእነ እገሌም እንዲሁ አድርገን የለ? እህሉ ይግባ ብዬ ዋልኩ። ልፋታችሁን ከንቱ ላድርገው?»

ቀኑን ሙሉ፣ ጤፉን ወደ ሰማይ ሲበትኑ፣ ያውቁ ነበር። ማታ ስለ መሬት ሲጠይቁኝም ያውቁ ነበር። እዚያው መሬት ላይ ተቀምጬ አለቀስኩ፤ ያን ባለ አበባ አረንጓዴ ቀሚስ እንደለበስኩ።

እማማ ጥሩወርቅ ደረታቸውን እየመቱ ሙሾ ሲያወርዱ የሰማሁት እስካሁን ጆሮዬ ላይ አለ፦

«ጋቢ ፈትዬልህ ትለብሳለህ ልጄ፣
አፈር አለበሰህ ቀድሞኝ ከእጄ።»

ረፋዱ ላይ ውባለም ሻንጣውንና ጥቁር ልብሴን ይዛ ደረሰች። ጫማውን አውጥተው ለቅሶው መሃል አስቀመጡት፤ አስከሬን በሌለበት የሟች ልብስ ነው የሚለቀሰው። እማማ ጥሩወርቅ ጫማውን በቀሚሳቸው ጫፍ ወለወሉት። አገሩ ሁሉ ሲያለቅስ ያንን ነው ደጋግመው ሲያደርጉ የዋሉት።

ሰኞ

ሠልስቱ እሑድ ሆነ፤ ሰኞ ተነሣሁ። እማማ ጥሩወርቅ በሶውንና በርበሬውን መልሼ አልወስድም አሉ። «ድንኳን ውስጥ ላሉት ስጪልኝ» አሉኝ። ለካ ድንኳኑ እንደተነሣ አልነገርኳቸውም። ተቀበልኩ። ሲሰናበቱኝ፣ «ቀሚሱን ያየሁ ጊዜ ሆዴ ፈርቶ ነበር፤ እኔ ግን ዝም አልኩት፣ ያቺን ሌሊት እናት ሆኜ ልደር ብዬ» አሉኝ። ይህን ሰምቶ መንገድ መሄድ እንዴት እንደሚቻል አላውቅም፤ ግን ሄድኩ።

አያ ጥላዬ እስከ ኮረኮንቹ ሸኙኝ። እንዳይደክሙ ብለምናቸው አልሰማም አሉ። ያን ጋቢ እንደዘቀዘቁ ነው። ባጃጅ እስኪመጣ ዋርካ ሥር ቆምን። በሦስቱ ቀን ውስጥ ሰው ሁሉ ሲያጽናናቸው ሰምቻለሁ። «ልምጣ ወይ?» ስላለበት ስልክ ለቄሱም፣ ለአቶ አለኸኝም ነግረዋቸው ነበር። ሁሉም አንድ ቃል ነው የሚሏቸው፤ «ና ቢሉትም አይመጣም ነበር። ቀኑ ነው።»

«የዚያን ማታውን የመሬቱን ነገር አሰብሁበት» አሉኝ። «ልክ ከሆነ፣ መሬቱን እኔ አላንቀሳቀስሁትም።»

«አላንቀሳቀሱትም።»

«ግድግዳውንም እኔ አልሰነጠቅሁትም።»

«አልሰነጠቁትም።»

«ግን ‹ና› ብዬው ቢሆን ይመጣ ነበር?»

ባጃጁ ከሩቅ ይሰማል። እዚያ አገር የሰነበትኩት ትንሽ ነው፤ ሳይዋሹ መደበቅን ግን ትንሽ ተምሬ ነበር። «ቀኑ ነው» ማለት እችል ነበር። «ተማሪዎቹ ይወዱታል» ማለትም። ይታያልን ደግሞ አውቀዋለሁ። አባቱ «ና» ካሉት ያን ዕለት ሻንጣውን ይይዝ ነበር።

«አዎ አያ» አልኳቸው። «ይመጣ ነበር።»

አያ ጥላዬ ዓይናቸውን ከደኑ። ምን አደረግሁ አልኩ በልቤ። ከዚያ እጄን በሁለት እጃቸው ያዙት፤ መዳፋቸው ውስጥ አሁንም የጤፍ ገለባ ይቆረቁራል።

«እግዜር ይስጥሽ ልጄ» አሉኝ። «ሁሉም ይሸፍንልኛል። ስሸፈን ሰነበትሁ፣ ብቻዬን ሆንሁበት። አሁን የሚያውቅልኝ አንድ ሰው አለ።»

ባጃጁ ቆመ፣ ፌስታሌን ጫነልኝ። ዞር ብዬ ሳያቸው ወደ ቤታቸው መንገድ ጀምረው ነበር። የጋቢው አንድ ጫፍ ከትከሻቸው ወርዶ ቀዩን አፈር ይጠርጋል። ልጣራና ልንገራቸው ብዬ ተውኩት።